እናት ካረፈች በኋላ፦ የአእምሮ እድገት ውስንነት ስላለባቸው አዋቂዎች መኖሪያ የቀረበ ጥናት

«አባ፥ እርሱንስ ማን ያየዋል?» ይህን ጥያቄ ከቀብር መልስ በኀዘን ድንኳን ውስጥ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በተለይ አንዱን ቀን አልረሳውም። እናቲቱ ተቀብራለች፤ ልጆቿ ከአዲስ አበባም ከሐዋሳም መጥተው ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠዋል። አንደኛው ልጇ ግን ዕድሜው አርባን አልፎ ሳለ ብር መቁጠር የማይችል፥ ከእናቱ ጋር ካልሆነ በቀር ገበያ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነበርና፥ ከጓሮ እንሰቱ ሥር ተቀምጦ እናቱ እስክትመለስ ይጠብቅ ነበር። ስለ መሬቱ ተነገረ፤ ስለ ላሚቱ ተነገረ፤ ስለ እድሩም ሒሳብ ተነገረ። ስለ እርሱ የተነሣው በመጨረሻ፥ ሰው ሁሉ ለመሄድ ሲነሣ ነው። ጥያቄውንም ያነሣችው ታናሽ እኅቱ ናት።

በየቁምስናችን ይህ ጥያቄ የሚጠብቃቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ በዚህ እትም ከውድ አንባብያን ጋር ልንመለከተው የፈለግነው፥ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት አዋቂ ሰው የሚኖርበት ቤት መልካምና አስተማማኝ የሚሆነው በምን እንደ ሆነ ነው። «ደግ ሰው ከተገኘ ይበቃል» የሚል መልስ ወደ አፋችን ይመጣ ይሆናል። እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ይመስለኝ ነበር።

ስለ ማን እንነጋገራለን?

በቀደሙት ዓመታት በመጻሕፍትም በመሥሪያ ቤትም «የአእምሮ ዘገምተኛ» ይባል የነበረው ሰው ዛሬ «የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት» ይባላል። በመንደር የሚጠራበትን ስም ሁላችንም እናውቀዋለንና እዚህ አልጽፈውም። ውስንነቱ ከልጅነት የሚጀምር፥ የመማርን፥ የማመዛዘንንና የዕለት ኑሮን በራስ የመምራትን ችሎታ የሚቀንስ ሁኔታ ነው። ከአእምሮ ሕመም ይለያል፤ ሕመሙ በጉልምስናም ሊጀምር፥ በሕክምናም ሊሻል ይችላል፤ ውስንነቱ ግን ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል። ስለዚህ ፈውስ ፍለጋ ከቦታ ወደ ቦታ ማንከራተት ለሰውዬውም ለቤተሰቡም ድካም ነው፤ የሚያስፈልገው ድጋፍ ነው። (ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ እንደሚችሉ ግን መዘንጋት የለበትም።)

መነሻው ብዙ ነው፤ በአስቸጋሪ ምጥ ጊዜ የሕፃኑ አንጎል አየር ሊያጣ ይችላል፤ በሕፃንነት የሚይዝ የማጅራት ገትር አለ፤ በእርግዝና ወቅት የሚደርስ የአዮዲን እጥረትም አለ። ሌሎች ደግሞ ከመፀነስ ጀምሮ ያሉ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ዳውን ሲንድሮም በአንድ ትርፍ ክሮሞዞም ምክንያት እንደሚመጣ በ1959 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ይፋ ካደረጉት ሐኪሞች መካከል ካቶሊካዊው ዠሮም ሌዠን ይገኝበታል፤ ቤተ ክርስቲያን በ2021 እ.ኤ.አ. «ክቡር» ብላ ሰይማዋለች። እንግዲህ ነገሩ የእናት ኃጢአትም የቤተሰብ እርግማንም አይደለም። ጌታችን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ለደቀ መዛሙርቱ የሰጠው መልስ (ዮሐ. ምዕ. 9) ብቻውን ሊበቃን በተገባ ነበር፤ ሆኖም ይህን ፍርሃት ተሸክመው ወደ ካህን ቤት የሚመጡ እናቶች ዛሬም አሉ።

ቀድሞ እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙዎቹ ከወላጆቻቸው በፊት ይሞቱ ነበር። በአሜሪካ ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሰው አማካይ ዕድሜ በ1983 እ.ኤ.አ. 25 ዓመት ገደማ ነበር፤ ዛሬ ወደ 60 ደርሷል። በእኛም አገር ክትባቱና የሳንባ ምች መድኃኒቱ እስከ ጤና ኬላ ከወረደ ወዲህ፥ በሕፃንነት ይቀጠፉ የነበሩት ያድጋሉ፥ ይጎለምሳሉ፥ ወላጆቻቸውንም ይቀብራሉ።

ቤታቸው

በአውሮፓና በአሜሪካ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ እየሰፋ የመጣ አሠራር አለ። ይኸውም ሰውዬው በትልቅ ተቋም ከመታጎር ይልቅ በራሱ ወይም በተከራየው ቤት ተቀምጦ ረዳቱ ወደ እርሱ የሚመጣበት ኑሮ ነው። በወላይታ ለዚህ የተለየ ስም የለንም እንጂ ነገሩ አዲስ አይደለም። ከዳሞት ተራራ ሥር እስከ ሁምቦ ቆላ ድረስ እንዲህ ያለው ሰው የሚኖረው በቤተሰቡ ግቢ ነው። ከብት ያግዳል፥ ውኃ ይቀዳል፥ ለእንሰቱ ፍግ ይሸከማል። ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል፤ መንገድ ቢስት የሚመልሰው አይታጣም። ይህን ሀብት አናቃልለው፤ ሌሎች አገሮች በብዙ ገንዘብ ሊገዙት የሚደክሙበት ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ በዚያው ግቢ እንግዳ ሲመጣ በሩ የሚዘጋ የኋላ ክፍልም አለ። ከእኛዋ ሶዶ ጋር ስሟ በሚመሳሰለው፥ በጉራጌ አገር በምትገኘው የሶዶ ወረዳ፥ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በሰንሰለት ስለ መታሰራቸው የተደረገ ጥናት በ2017 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከጥናቱ እንደሚታየው ቤተሰብ ወገኑን ወደ ማሰር የሚገፋው በአብዛኛው ሕክምናና የሚያግዝ ሰው ማጣቱ ነው። ያ ጥናት ስለ ሕመም እንጂ ስለ ውስንነት አይናገርም፤ ገመዱ ግን አንድ ዓይነት ነው። እናት ወደ ገበያ ስትሄድ ልጇን ከምሰሶ ጋር የምታስረው እሳት ላይ እንዳይወድቅባት ብላ ነው። እርሷን ከመውቀሳችን በፊት፥ በዚያ የገበያ ቀን ማን ሊቀመጥላት እንደ ቀረበ እንጠይቅ።

ዘመድ ፈጽሞ ለሌለው ሰው በአገራችን በራቸውን የከፈቱ አሉ። የማዘር ትሬዛ ደናግል ከ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በአዲስ አበባ፥ ኋላም በሌሎች ከተሞች፥ ማንም ያልተቀበለውን ሲቀበሉ ኖረዋል። መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማእከልም በአዲስ አበባ ተመሥርቶ ከጎዳና የተነሡትን ብዙ ሰዎች ይዟል። እነዚህን ማመስገን ይገባል። ነገር ግን እኅትና መንደር ያለውን ሰው «እዚያ ይሻለዋል» ብሎ ከወላይታ ወደ አዲስ አበባ መላክ ሌላ ነገር ነው፤ ቋንቋውን የሚሰማው፥ የሚወደውን ምግብ የሚያውቅለት ሰው ያጣልና። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት በአቅሙ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ዜጎች እንዲረዳ ግዴታ ጥሎበታል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 19 ሰው የት እና ከማን ጋር እንደሚኖር የመምረጥ መብት እንዳለው፥ ለዚህም የሚያስፈልገው ድጋፍ ባለበት ሊመጣለት እንደሚገባ ያስገነዝባል። ድጋፉ እስኪመጣ ድረስ ሸክሙ በእኅት ትከሻ ላይ ነው።

ከሌሎች አገሮች ስሕተት

በአሜሪካ፥ በኒው ዮርክ ከተማ፥ ዊሎብሩክ የሚባል የመንግሥት ተቋም ነበር። ለ4,000 ሰዎች ታስቦ ተሠርቶ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ 6,000 የሚጠጉ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆችና አዋቂዎች ተጨናንቀውበት ይኖሩ ነበር። በ1972 ጋዜጠኛ ካሜራ ይዞ ገብቶ የታየውን ለሕዝብ ካሳየ በኋላ ወላጆች ከሰሱ፤ በ1975 በፍርድ ቤት ስምምነት ተደረገ፤ በ1987 ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች «ቤቱ ትንሽ ይሁን እንጂ ሁሉ ይስተካከላል» አሉ።

በእንግሊዝ፥ በብሪስቶል አጠገብ፥ ዊንተርቦርን ቪው የተባለው የግል ሆስፒታል ግን ትንሽ ነበር፤ 24 አልጋ ብቻ ነበረው፤ ለአንድ ሰው በሳምንት በአማካይ 3,500 ፓውንድ ይከፈልበት ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. ቢቢሲ በምሥጢር የቀረጸው ፊልም ሠራተኞቹ ነዋሪዎቹን ሲመቱና ሲያሠቃዩ አሳየ። በ2012 አሥራ አንድ ሠራተኞች ተፈረደባቸው። ቀድሞ የሚሠራ አንድ ነርስ አስቀድሞ አቤት ብሎ ነበር፤ የሰማው አልነበረም። ገንዘብም ትንሽነትም አላዳኑም።

ሦስተኛውን መጻፍ ለእኔ ይከብዳል። ዣን ቫኒየ በ1964 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ትሮሊ በምትባል መንደር ከተቋም ያወጣቸውን ሁለት ሰዎች ይዞ አብሮ በመኖር «ላርሽ» የተባለውን፥ ትርጉሙም የኖኅ መርከብ የሆነውን ማኅበር ጀመረ። የሚረዳና የሚረዳው በአንድ ማዕድ የሚቀመጡበት ይህ አኗኗር በዓለም ተስፋፋ። በዘርዓ ክህነት ሳለሁ ስለ እርሱ በአድናቆት ተምረናል፤ እኔም በሱባኤ ስብከት ላይ ስሙን በምሳሌነት ጠርቻለሁ። በ2019 ዐረፈ። በ2020 ማኅበሩ ራሱ ያስጠናው ምርመራ፥ ቫኒየ በመንፈሳዊ ምክር ስም ቢያንስ ስድስት ሴቶችን በፆታ እንደ በደለ አረጋገጠ፤ በ2023 የወጣው ሰፊ ጥናት ቁጥሩን ወደ 25 አደረሰው። መምህሩ የነበሩት ካህን በ1956 በቤተ ክርስቲያን ተፈርዶባቸው ሳለ ነገሩ ተሸፋፍኖ ቀርቶ ነበር። የተበደሉት ሴቶች ውስንነት ያለባቸው አልነበሩም፤ ረዳቶችና ለመንፈሳዊ ምክር የመጡ ነበሩ። ቢሆንም «ቅዱስ ነው» ተብሎ ማንም የማይጠይቀው ሰው በቆመበት ቤት፥ መናገር የምትችለው ሴት እንኳ ለአሥርት ዓመታት ካልተሰማች፥ መናገር የማይችለው ማን ይሰማዋል? ማኅበሩ እውነቱን ራሱ በማውጣቱ ዛሬም ቆሟል፤ መልካም ሥራውም አልጠፋም።

መልካም ቤት በምን ይታወቃል?

በ1969 እ.ኤ.አ. ቤንግት ኒርየ የተባለ ስዊድናዊ አንድ ቀላል መለኪያ አቀረበ። የሰውዬው ቀን፥ ሳምንትና ዓመት የአካባቢው ሰው ከሚኖረው ቀን፥ ሳምንትና ዓመት ጋር ይመሳሰላልን? ይህን ወደ እኛ እናምጣው። በጠዋት ሌላው ሲነሣ ይነሣል ወይስ ሥራ እንዳያስፈታ እስከ ቀትር ተቆልፎበት ይቆያል? እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል ወይስ ቤት ጠባቂ ሆኖ ይቀራል? በጊፋታና በመስቀል የታረደው በሬ ሥጋ ሲበላ ከወንድሞቹ መካከል ይቀመጣል ወይስ ድርሻው በቅጠል ተጠቅልሎ ወደ ጓሮ ይላክለታል? ልብሱ የራሱ ነውን? ዕቃውን የሚያስቀምጥበት አንድ ሳጥን አለውን? እኔ ቤት ስጎበኝ ስለ ሳጥኑ መጠየቅ ለምጃለሁ፤ ብዙውን ጊዜ የለም።

ደህንነት ደግሞ ከዚህ የተለየ ጥያቄ ይመስላል፥ ግን እዚያው ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለባቸው አምስት ሰዎች አንዱ ያህል የሚጥል በሽታም አለበት። በቤታችን ምድጃው መካከል ላይ ነው። በየመንደሩ እጃቸው ወይም ፊታቸው በእሳት የጠፋ ሰዎችን አይተናል። ምድጃውን በድንጋይ መከለል፥ መኝታውን ከእሳቱ ማራቅ፥ ብቻውን ወንዝ እንዳይወርድ ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም። ፌኖባርቢታል የተባለው ክኒን በጤና ጣቢያ ይገኛል፤ ነገር ግን በድንገት ሲቋረጥ የሚጥለው በሽታ ከቀድሞው ይልቅ በርትቶ፥ አንዳንድ ጊዜም ለሞት በሚያደርስ ሁኔታ ይመለሳል። «ተሽሎታል» ብሎ የሚያቆም ቤተሰብ ይህን ማወቅ አለበት።

ሌላው የሚዘነጋው ሕመም ነው። ሕመሙን በቃል መናገር የማይችል ሰው ራሱን ከግድግዳ ሲያጋጭ፥ ጆሮውን ሲመታ፥ ምግብ እንቢ ሲል «ጠባዩ ነው» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን ጥርሱ ወይም ጆሮው ነው፤ ወይም ሆዱ ደርቆበታል። ጤና ጣቢያም ሲወስዱት ሐኪሙ ውስንነቱን አይቶ ጥርሱን ሳያይ ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ የሚያውቀው ሰው አብሮ ገብቶ «ይህ ያመጣው አዲስ ነገር ነው፤ ባለፈው ወር አልነበረም» ሊልለት ይገባል።

ስለ ሴቶች በግልጽ መናገር አለብን። ብቻዋን እቤት የምትቀር፥ የማትናገር ሴት የተደፈረች መሆኗ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ማርገዟ ሲታይ ነው። ከዚያም ሽማግሌ ይቀመጣል፥ በሬ ወይም ገንዘብ ይቆረጣል፥ ነገሩ ይዳፈናል። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ መቃወም ወይም ነገሩን መረዳት በማትችል ሴት ላይ የሚፈጸመውን ይህን ድርጊት በወንጀልነት ይቀጣል፤ ስለዚህ ሽማግሌ በእርቅ የሚጨርሰው ጉዳይ አይደለም። ከእድር ዳኞችም ከካቴኪስቶችም እንዲህ ባለው ጉባኤ የሚቀመጥ ካለ ይነሣ። በቤተ ክርስቲያንም በኩል ነፍሰ ኄር ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2019 እ.ኤ.አ. አውጥተው በ2023 ያጸኑት «ቮስ ኤስቲስ ሉክስ ሙንዲ» የተባለው ሐዋርያዊ ደብዳቤ የማመዛዘን ችሎታው የተወሰነ ሰውንና ራሱን መከላከል የማይችል አዋቂን ከሕፃናት ጋር አብሮ ይጠብቃል፤ በየሀገረ ስብከቱም ሕዝብ በቀላሉ አቤት የሚልበት ቦታ እንዲኖር ያዛል። ይህ ካህናትንም ደናግልንም ይመለከታል፤ እኔንም።

በዚህ ሁሉ ላይ ግን ሌላ አደጋ አለ። ሁሉን ከፈራን ሰውዬውን እንቆልፍበታለን። ገበያ ቢሄድ ይጠፋ ይሆናል፤ ካልሄደ ግን ከሰው ተለይቶ ይጠፋል። በጠባብ መንገድ አብሮት የሚሄድ የወንድም ልጅ፥ የሚያውቁት ሁለት ባለ ሱቆች፥ በኪሱ የተሰፋ የቤተሰብ ስልክ ቁጥር፥ እነዚህ ከቁልፍ ይሻላሉ። ስለ ቅዱስ ቁርባንም የሚጠይቁን አሉ፤ ር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 16ኛ በ2007 እ.ኤ.አ. በጻፉት ሐዋርያዊ ማሳሰቢያ እንዲህ ያሉት በሚቻል መጠን፥ አብሯቸው በሚኖረው ማኅበር እምነት ጭምር፥ እንዲቀበሉ አስተምረዋል። ስለዚህ በር ላይ አናስቀራቸው።

እናት በሕይወት ሳለች

ውይይቱ መጀመር ያለበት ከድንኳኑ በፊት ነው። እናት ብቻ የምታውቀው ብዙ ነገር አለ፤ ምን ሲበላ ጉሮሮውን እንደሚያንቀው፥ ነጎድጓድ ሲሰማ የት እንደሚደበቅ፥ በየትኛው ዜማ እንደሚረጋጋ። አንድ ተማሪ የልጅ ልጅ በደብተር ይጻፈው። ስለ መሬቱ ድርሻና ስለ ውርሱ ሲታሰብ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ፍርድ ቤት ሰውን «በፍርድ የተከለከለ» ብሎ አሳዳሪና ሞግዚት እንዲሾምለት ይፈቅዳል። ይህ ውሳኔ ንብረቱን ሊጠብቅለት ይችላል፥ በራሱ ስም የመወሰን መብቱንም ይወስድበታል፤ ስለዚህ ያለ ችግር አይቸኮልበት። የሚያሳድረውና መሬቱን የሚያርሰው አንድ ሰው ከሆነ፥ የምርቱን ሒሳብ ሌላ ሰው ይመልከተው። ወንድምን መጠርጠር አይደለም፤ ወንድሙንም ከሐሜት ያድነዋል።

ወደዚያ ድንኳን ልመለስ። እኅቱ ከጠየቀች በኋላ ዝም አልን። ከዚያ «ይምጣና እርሱ ይጠየቅ» አልሁ። አንዳንዶች ሳቁ። መጣ፤ በወላይትኛ የት ማደር እንደሚፈልግ ጠየቅሁት። በእናቱ ቤት፥ ከጥጃው አጠገብ አለ። የት ትበላለህ ስለው ወደ እኅቱ አመለከተ። ሽማግሌዎቹ ይህንኑ ይዘው አደራጁት። የእኅቱ ቤት አጥሩን ተሻግሮ ስለ ሆነ ምግቡ ከዚያ ሆነ፤ የእርሷ የመጀመሪያ ልጅ ከእርሱ ጋር ያድራል፤ የድርሻው ምርት በእድሩ ጸሐፊ መዝገብ ይገባል፤ አንዲት ሴት ካቴኪስትና አንድ ጎረቤት ሳያስታውቁ በፈለጉት ቀን ገብተው ያያሉ።

በሚቀጥለው ክረምት ስንጎበኝ ጉድለት አገኘን። መንገዱ በጭቃ ስለ ተዘጋ ክኒኑ ለሁለት ሳምንት ተቋርጦ ነበር፤ ሁለት ጊዜም ወድቋል፤ እኛም አልደረስንም። ከዚያ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ከመኝታው በላይ ሰቀልንለት፤ ክኒኑ በሚያልቅበት ሳምንት ላይ ቀይ መስመር ተሠመረ፤ እርሱም በየማታው ክኒኑን እንደ ዋጠ በከሰል አንድ ነጥብ ያደርጋል። ቀዩ መስመር ሲቃረብ ዛሬ የእኅቱን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ እያለ የሚነዘንዘው እርሱ ነው።